እስከ ገና ዋዜማ ያልታረመ ስህተት

ምናልባት አሳስቼ የማስታውሰው ይሆናል። የአጎቴ የኤራስሞ ሥራ ቤት በር አረንጓዴ ነበር ብዬ ብሎጌ ላይ ጽፌአለሁ፤ እናቴ በስልክ ግራጫ ነበር አለችኝ፤ ሳንታ ክላራ የሚኖር አንድ አንባቢ ደግሞ ያኔ በር የሚባል ነገር አልነበረም፣ የስኳር ጆንያ ተሰፍቶ ነበር የተጋረደው አለ። ሦስቱንም ከጽሑፉ ግርጌ ከነቀናቸው አስቀምጫቸዋለሁ። እኔ ይበልጥ የማስታውሰው ሽታውን ነው፣ የአምፖል ቀለም ከአልኮል ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ የሚቆነጥጠውን፣ ከዚያ ደግሞ የአጎቴን ድምፅ፣ ግባና በሩን ዝጋ፣ ያየኸውን ውጭ ካወራህ ጆሮህን ከበሮው ላይ በምስማር እመታዋለሁ ያለኝን። በሩን ዝጋ ካለኝ በር ነበረ ማለት ነው። ግን ይህንን ቃል ራሱ በኋላ የጨመርኩት ሊሆን ይችላል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ወይም አሥራ ሦስት።

አሁን መተኛት አለብኝ። ሌሊቱን የዳቦ ፋብሪካው ምድጃ ፊት ቆሜ ነው ያደርኩት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ፣ መጋረጃውን በልብስ መቆንጠጫ አጣበቅኩት፣ የስልኩን ደወል ለምሽቱ አራት ተኩል ሞላሁት፣ ሁለተኛ ደወል ደግሞ ለአራት ከአርባ፣ አንደኛው ላይሰማኝ ስለሚችል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በሞንቴቪዴዮ ማለት በእኛ ከተማ ሦስት ሰዓት ነው፣ ሦስት ሰዓት ላይ የላይ ሰፈር ማማ ይበራል። ግን እንቅልፍ የለም። እኩለ ቀን ሆኗል፣ ዲሴምበር ሃያ አራት ነው፣ ሙቀቱ ግድግዳውን ያላብሰዋል፣ ታች መንገዱ ላይ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ከመስኮት በባልዲ ውኃ ይደፋፋሉ፣ አከራዬ ወይዘሮ ኢርማ በሩን በጫማቸው መታ መታ አድርገው «አንተ ኩባዊ፣ ዛሬ የሚተኛው የሞተ ሰው ብቻ ነው፣ ናና አንድ ብርጭቆ ጠጣ» ብለውኝ ሄደዋል። እመጣለሁ አልኳቸው። አልሄድኩም። ከሄድኩ ያወሩኛል፣ ካወሩኝ ምን ሆነሃል ይሉኛል፣ ምን እንደሆንኩ ለማስረዳት ደግሞ ከከበሮው መጀመር አለብኝ፣ ከከበሮው ከጀመርኩ ወደ ሰባተኛው ጨረር እደርሳለሁ፣ ስለ ሰባተኛው ጨረር ደግሞ እስከ ዛሬ ማታ አንዲት ቃል አልናገርም ብዬ ለአጎቴ ቃል ገብቻለሁ።

ከተማችን ትንሽ ናት፣ ግን ሁለት ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የተወለደ ላይ ሰፈር ነው፣ በታች የተወለደ ታች ሰፈር ነው። ከሁለቱ ሰፈር የተጋቡ ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ በአንድ አልጋ ተኝተው ዲሴምበር ሲገባ እያንዳንዳቸው ወደ እናታቸው ቤት ይሄዳሉ። በገና ዋዜማ ሁለቱ ሰፈሮች አደባባዩ ላይ ፊት ለፊት የመብራት ማማ ይተክላሉ፣ ሃያ ሜትር፣ ሃያ ሁለት ሜትር፣ በሺህ የሚቆጠር በእጅ የተቀባ አምፖል፣ ርችት ይተኩሳሉ፣ እየዘፈኑ ይሰዳደባሉ፣ ዳኛ ስለሌለ ሁለቱም አሸንፈው ቤታቸው ይገባሉ። ዋናው ነገር ምስጢሩ ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ ማንም ስለ ሥራው አያወራም፣ ስለ ዘንድሮው ብቻ ሳይሆን ስለ ድሮውም። ጣውላ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ምን ልትሠራ ነው ሲሉት አልጋ ልጠግን ነው ይላል፤ እንደ መልሱ ቢሆን በእኛ ከተማ ያልተሰበረ አልጋ የለም። የሁሉም ምስጢር ምስጢር ከበሮው ነው። ከበሮ እንለዋለን እንጂ ድምፅ የለውም፤ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ድብልብል ነው፣ ላዩ ላይ ረጃጅም የመዳብ ቁራጮች በምስማር ተመትተውበታል፣ ሞተር ቀስ አድርጎ ሲያዞረው መዳቡ ሽቦውን ይነካል፣ አምፖሉ ይበራል፣ መዳቡ ሲያልቅ ይጠፋል። የላይ ሰፈር ከበሮ ጌታ አጎቴ ኤራስሞ ነው። እኔ አሥር ዓመት ያህል መዳብ መታሁለት። የብረት ማስመሪያ ኪሴ ውስጥ ስለማይጠፋ፣ የሌሎችንም ቁራጭ ሳልጠየቅ ስለምለካ፣ ስሜን ትቶ ሚሊሜትር ይለኝ ነበር፣ ከዚያ ሥራ ቤቱ በሙሉ ሚሊሜትር አለኝ፣ ኦስኒየል የሚለኝ እናቴ ብቻ ቀረች።

እዚህ ስመጣ ሚሊሜትርም ኦስኒየልም አልነበርኩም። የመታወቂያ ቢሮው ስልክ አንድን ይጫኑ፣ ሦስትን ይጫኑ፣ ተራዎ ሃያ ዘጠነኛ ነው ይላል፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ ተራዎ ሃያ ዘጠነኛ ነው። በአካል ስሄድ ልጅቷ ሙያህ ምንድን ነው አለችኝ። የመብራት ሥራ አልኳት። የምስክር ወረቀት አለች። የለኝም። ታዲያ ምን ላይ ነው የሠራኸው አለች፣ እኔም ከበሮ፣ ማማ፣ የገና ዋዜማ እያልኩ ተንተባተብኩ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሲተነፍሱ ይሰማኛል፣ ልጅቷ ክፉ አልነበረችም፣ ወረቀት ከሌለህ ልዩ ልዩ ብዬ ነው የምጽፍህ አለች፣ ጻፈች። እስካሁን ልዩ ልዩ ነኝ። ያን ቀን ወደ ክፍሌ ተመልሼ አሥር ዓመት የሠራሁትን በአንድ ገጽ ልጽፈው ተቀመጥኩ፣ ለማንም አልነበረም፣ የማውቀው ነገር እውነት መኖሩን ለማየት ነበር። ሁለት መስመር ጻፍኩና ቆምኩ። የከበሮው ዙሪያ ስንት ነበር? አንድ ዙር ለመዞር ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? እጄ ያውቀዋል፣ እኔ አላውቀውም። ሳምንት ሙሉ አስቤ፣ የድሮ ፎቶ ላይ የአጎቴን ክንድ ለክቼ፣ ክንዱን ከከበሮው ጋር አነጻጽሬ መቶ ሰማንያ ሴንቲሜትር ላይ ደረስኩ፣ አንዱን ዙር ደግሞ ሠላሳ ስድስት ሰከንድ አልኩት። ከዚያ ብሎግ ከፈትኩ። የምጽፈውን ሌላ ሰው ካላየው ራሴን እንደማታልል ስለማውቅ ነው የከፈትኩት። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አሥራ አንድ ሰው አነበበው፣ ከአሥራ አንዱ አራቱ እኔ ነበርኩ፣ ፊደል ላርም ስገባ።

ምን እንዳደረገልኝ በትክክል መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሲጠይቀኝ ትንሽ ቀለለኝ እላለሁ፣ እሱ ደግሞ ምንም አይገልጽም። መጀመሪያ፣ የማላውቀውን አሳየኝ። አፌ ላይ ሙሉ የነበረው ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ቀዳዳው ይታያል፣ ቀዳዳውን ለመሙላት ሳስብ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ ያልኩት ቀን ይመለሳል፣ አምፖል የምትቀባው የጎረቤታችን ሴት ስታስነጥስ እጇ ተንቀጥቅጦ ሰማያዊው ላይ ያስቀረችው ነጭ ነጥብ ሳይቀር። ሌላው ሰዎቹ ናቸው። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ከማንም ጋር ከእንደምን አደርክ ያለፈ ነገር አላወራሁም፣ እዚያ ግን ቦሊቪያ ያለ የሰዓት ጠጋኝ ስለ ሞተሩ ፍጥነት ይጨቃጨቀኛል፣ አንድ የትያትር ቤት መብራት ሠራተኛ ከዚሁ ከሞንቴቪዴዮ ጽፎልኝ መጥተህ የኛን ሰሌዳ እይልን ብሎኝ ሄጄ አይቼለታለሁ፣ እና መምህርት ኦዲሊያ አሉ። መምህርት ኦዲሊያ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፣ ከሃያ ዓመት በፊት ከከተማችን ወጥተው ላስ ፓልማስ የሚኖሩ፣ የታች ሰፈር ተወላጅ። ከሦስተኛው ጽሑፌ ጀምሮ በየእሑዱ አስተያየት ይጽፋሉ። የመጀመሪያው አስተያየታቸው አንድ መስመር ነበር፣ ልጄ፣ ጠላት ብሆንም ማካፈል ማስተማር ግዴታዬ ነው፣ አንድ መቶ ሰማንያ ለሠላሳ ስድስት ሲካፈል አምስት እንጂ ስድስት አይደለም የሚል። ከበሮው በሰከንድ አምስት ሴንቲሜትር ነው የሚሄደው ማለት ነው። በዚያው ቀን አረምኩ፣ ስማቸውንም ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይኸው ሆነ፤ ስህተት ከተነገረኝ በዚያው ቀን፣ ከነቀኑ፣ ካረመኝ ሰው ስም ጋር። ሌላ የምመካበት ነገር ስለሌለኝ በዚህ ሕግ እመካ ነበር።

ከዚያ ኦክቶበር መጣ። እዚህ ላይ ራሴን አልምርም፣ ምክንያቱም ስህተቱን ያደረግኩት ሳላውቅ ሳይሆን ሳይሰማኝ ነው። እኛ ጋ ኦክቶበር ሲገባ ሰው ይዘጋል። የሰሜን ነፋስ ይጀምራል፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ ወንዶቹ ዝም ይላሉ፣ ምን እየሠራችሁ ነው የሚል ጥያቄ እንደ ስድብ ይቆጠራል፣ ሰውነትህ ራሱ አፍህን ይይዘዋል። እዚህ ግን ኦክቶበር ዛፉ የሚያቆጠቁጥበት ነው፣ ወይዘሮ ኢርማ ብርድ ልብሱን አጥበው ሰቀሉ፣ ፀሐይ ወጣ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ደስ ሲለኝ ጻፍኩ። ጊዜው ክፉ ጊዜ መሆኑን የሚነግረኝ ነፋስ አልነበረም። የጻፍኩት ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት ስለሠራነው የፒኮክ ማማ ነው፣ ዘጠኝ ጨረር ያለው ጅራት፣ እና ከሁሉም በላይ ለማንም ተናግሬው ስለማላውቀው ነገር።

ነገሩ ይህ ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ዘጠኙም ጨረሮች ከበሩ በኋላ ስምንቱ እንዲጠፉ፣ ሰባተኛው ብቻውን እንዲቀር ነበር የታሰበው፣ የሰባተኛውን መዳብ የመታሁት እኔ ነኝ። ረጅም መዳብ ስላልነበረን ሁለት ቁራጭ ቀጠልኩ፣ መገጣጠሚያው ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ቀረ፣ አየሁት፣ ይደርሳል ብዬ ተውኩት፣ ወይም እንደተውኩት አስታውሳለሁ። ማታ ሕዝቡ ፊት ስምንቱ ሲጠፉ ሰባተኛውም አብሮ ጠፋ። ማማው በሙሉ ጨለመ። ታች ሰፈር በአንድ ድምፅ መብራት ሄደባቸው ብሎ ፈነዳ፣ እየሳቁ፣ እያፏጩ፣ ከዚያ ሰባተኛው ተመልሶ በራ፣ ግን ማን አየው፣ ሳቁ አልቆመም። የአክስቴ ልጅ ከቀረጸው ቪዲዮ ላይ ቆጥሬዋለሁ፣ ጨለማው ሁለት ሰከንድ ነበር። በማግስቱ አጎቴ ምንም አላለኝም። ያ ዝምታ ነው አብሮኝ አውሮፕላን የተሳፈረው። ከአገር እስክወጣ ድረስ እሱን ባየሁ ቁጥር የምነግረው መስሎኝ ሳልነግረው ቀረሁ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሱ ሽቦ እያጠመዘዘ፣ እኔ እየለካሁ። አሁን አንባቢው ሦስት ሺህ ምናምን በደረሰው ብሎግ ላይ ጻፍኩት፤ ጥፋቱ የኔ ነበር ብዬ።

እናቴ በአራተኛው ቀን ደወለች። ግንኙነቱ ይቆራረጣል፣ እኔ ደግሞ የተቆረጠውን በክፉ እሞላዋለሁ። ጽሑፉ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ከተማውን ዞሯል አለች፣ የታች ሰፈር ሙዚቀኞች ቤታችን ፊት ቆመው ዘፈኑ አለች፣ የገዛ ሰፈራችን ሰው ደግሞ ዳቦ ሰልፍ ላይ ጀርባውን ሰጣት። ለምን? የድሮ ነገር አይደለም ወይ አልኳት። «የድሮ ነገር አይደለም ኦስኒየል። ዘንድሮ ፒኮኩን ነው የሚደግሙት። ማንም አያውቅም ነበር፣ አሁን ሁሉም ጠረጠረ።» አምፖል የለም፣ ሽቦ የለም፣ ስለዚህ የድሮውን አጽም አውጥተው በአዲስ መልክ ሊሠሩት ነው። አጎትህ ሥራ ቤቱን ከውስጥ ዘግቶ ተቀምጧል፣ ስልክ ላይ ና ስለው አልመጣም አለች። አጥፋው፣ የኔ ልጅ፣ አጥፋው በቃ።

አላጠፋሁትም። ለምን እንዳላጠፋሁት ብዙ ንጹሕ ምክንያት ደርድሬ ነበር፣ ቀድሞ ወጥቷል፣ ማጥፋቱ ያረጋግጥላቸዋል፣ ወዘተ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። እሱን ካጠፋሁ ሌላውንም ማጥፋት ይመጣል፣ ሌላውን ካጠፋሁ ልዩ ልዩ ነኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ስልኬ ጮኸ፣ ቁጥሩ የጎረቤት ነው፣ ድምፁ ግን የአጎቴ። ሰላምታ የለም። ጽሑፍህን የእህቴ ልጅ አነበበችልኝ አለ፣ ሁለት ጊዜ አስነበብኳት አለ። አጎቴ፣ ይቅርታ አልኩ፣ ወሩን ረሳሁ፣ እዚህ ወሩ ሌላ ነው አልኩ። አቋረጠኝ።

«ሰባተኛውን ማነው አንተ ነህ ያለህ?»

«እኔ ነኝ የመታሁት አጎቴ። ክፍተት ነበረው።»

«የመታኸው በትክክል ነው። አንተ ከተኛህ በኋላ እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

መቆሜን ትቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሆን ብዬ ነው አለ፣ መብራት ሄደ ብለው እንዲስቁ፣ ሲስቁ እንዲበራባቸው፣ ግን ሁለት ሰከንድ አነሰ፣ ሳቁ ሳያልቅ በራ፣ ቀልዱ ጥፋት መሰለ፣ ስለዚህ ጥፋት ነው ይበሉ ብዬ ተውኩት፣ አንድ ቀን በስምንት ሰከንድ እደግመዋለሁ ብዬ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩ፣ ድምፄ እንደ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ ወጣ። «ብነግርህ ፊትህ ይናገራል። አንተ ምስጢር አፍህ ላይ አይደለም የሚታየው፣ ግንባርህ ላይ ነው» አለ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በራስህ ላይ እንደጫንከው ግን አላወቅኩም፣ ካላነበቡልኝ አላውቅም ነበር አለ። ይህንን ስለመስማቴ አልጠራጠርም። ሰዓቱን ጽፌዋለሁ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሁለት ነበር። ጎን ለጎን ተቀምጠን ያልተነጋገርነውን በሦስት ሺህ የማላውቀው ሰው ፊት ብጽፈው ነው የደረሰው።

ከዚያ የሚፈልገውን ነገረኝ። ሁሉም ፒኮኩ ይደገማል ብለው ጠርጥረዋል፣ ይጠርጥሩ፤ ጨለማው ግን የአንድ ልጅ ጥፋት ነበር ብለው አምነዋል፣ ምክንያቱም ልጁ ራሱ አልቅሶ ጽፎታል። ስለዚህ እስከ ገና ዋዜማ እንዳትነካው። አንድ ቃል አታርም፣ አታጥፋ፣ አትጨምር። ታች ሰፈር ስምንት ሰከንድ ጨለማ እንደሚመጣ ካወቀ ርችቱን ይዞ ይጠብቃል፣ በጨለማው ላይ ይለቀዋል፣ የዓመት ሥራችን የእነሱ ርችት መጋረጃ ሆኖ ይቀራል። እሺ አልኩ። ስህተት መሆኑን እያወቅኩ አንድ ዓረፍተ ነገር በስሜ እንዲቆም ፈቀድኩ፣ ያውም ነጻ የሚያወጣኝን እርማት እጄ ላይ ይዤ።

ሦስት ቀን አልሞላም፣ እሑድ፣ የመምህርት ኦዲሊያ አስተያየት መጣ። ብሎጉ ላይ አስተያየት እኔ ካላሳለፍኩት አይታይም፣ ስለዚህ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከበሮህ በሰከንድ አምስት ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ሁለት ሴንቲሜትር ክፍተት ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ጨለማ ነው የሚሰጠው፤ አንተ ግን ሁለት ሰከንድ ቆጥረሃል፤ ለሁለት ሰከንድ አሥር ሴንቲሜትር ያስፈልጋል፤ ሚሊሜትር የሚባል ልጅ አሥር ሴንቲሜትር አይሳሳትም፤ ሰው ቆርጦታል ማለት ነው፣ ሆን ብሎ፤ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ይላል። እኔ ራሴ በሰጠኋቸው ቁጥር፣ እሳቸው ራሳቸው ባረሙልኝ ማካፈል። አሥር ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየሁም፣ ጥፋተኛ መሆኔን እርግጠኛ ስለነበርኩ መለካት አላስፈለገኝም። አልዋሽም ብዬ፣ አልነግርም ብዬ፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ በኢሜይል አንድ መስመር መለስኩ፤ መምህርት፣ ስለ ስሌትዎ የምመልሰው ከገና በኋላ ነው። ከላክሁት በኋላ ነው ያነበብኩት። የኛን ከተማ ሰው ከገና በኋላ ካልከው ሁሉንም ነግረኸዋል። መልሳቸው ወዲያው መጣ፣ ሁለት ቃል ብቻ፣ ገባኝ ልጄ የሚል።

ከዚያ ጠፉ። በየእሑዱ የሚጽፉት ሴትዮ ሰባት እሑድ ዝም አሉ። መጀመሪያ ታመው ይሆናል አልኩ፣ ከዚያ ተቀይመው ይሆናል አልኩ፣ ከዚያ ለሰፈራቸው ነግረዋል አልኩ፣ ለምን አይነግሩም፣ ታች ሰፈር ናቸው፣ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እነግራለሁ፣ ይመስለኛል። ለአጎቴ መናገር ነበረብኝ። ያኔ ከበሮው ገና አልተመታም፣ ጨለማውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይቻል ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጤናው ጠየቅኩት። ብነግረው አንዲት የታች ሰፈር ሴት ሁሉንም አወቀች ማለት ነው፣ እንዴት አወቀች ሲል ከጻፍኩት ነዋ ማለት ነው፣ እና ዳግመኛ እንዳልጽፍ ይለምነኛል፣ ቢለምነኝ እተዋለሁ። እንዳልተው ብዬ ዝም አልኩ። በዲሴምበር መጀመሪያ መዳቡ ተመቶ አለቀ፣ እናቴ አልጋው ተጠግኗል አለችኝ በስልክ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራ ነገር የለም፣ ሴትዮዋን ማመን ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ እምነት የሚባለውን ነገር ሳልለካው አልችልበትም፣ ስለዚህ አልተኛም፣ ጣሪያውን አያለሁ፣ ውጭ ውኃው ይደፋል፣ ይስቃሉ።

ሁለቱም ደወሎች ሲጮኹ ነቅቼ ነበር። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የእናቴ ፊት መጣ፣ ከዚያ ስልኩን አዞረችው፣ አደባባዩ፣ ጭሱ፣ ያ ሁሉ ጭንቅላት፣ የታች ሰፈር ማማ ቀድሞ በርቷል፣ መርከብ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ልክደው አልችልም። የእኛ ጄኔሬተር ተነሳ። ፒኮኩ ከእግሩ ጀምሮ ይበራል፣ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ምስሉ ይሰባበራል፣ ይመለሳል፣ ዘጠኙም በሩ፣ ሕዝቡ አዎ አውቀነዋል ብሎ ያፏጫል፣ በግራ በኩል የታች ሰፈር ርችት ተኳሾች ክብሪታቸውን ይዘው ቆመው ይታየኛል፣ ወይም የቆሙ ይመስለኛል። ከዚያ ሁሉም ጠፋ። መብራት ሄደባቸው የሚለው ጩኸት መጣ፣ ልክ እንደ ያኔው፣ አንድ ሺህ ሰው አብሮ፣ ከመካከሉ አንዱ ሚሊሜትር ተመልሶ መጣ እንዴ ሲል ሰማሁት፣ ሳቁ። እቆጥራለሁ። ሦስት። አራት። ሰማዩን ነው የማየው፣ ርችት ይወጣል ብዬ። አምስት። ሳቁ እየሳሳ ነው። ስድስት ላይ አንድ ሕፃን ብቻ ይሰማል። ሰባት። ማንም አይናገርም፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ቆሟል፣ ሰማዩ ባዶ ነው። ሰባተኛው ጨረር ብቻውን በራ፣ ሰማያዊ፣ እስከ ጫፉ።

እናቴ ስልኩን ጣለችው መሰለኝ፣ የሰው እግር አየሁ፣ ከዚያ ጣሪያ የሌለው ሰማይ፣ ከዚያ የአጎቴ ጢም በጣም ቀርቦ። ጩኸቱ በጣም ስለበዛ ከንፈሩን እያየሁ ነው የሰማሁት። ቆጠርክ ወይ አለኝ። ስምንት አልኩት፣ ስልኩ ስለሚዘገይ ግን ስምንት ተኩልም ሊሆን ይችላል።

«ስምንት ነው። በል አሁን ጻፍ።»

በዚያው ሌሊት ጻፍኩት፣ እርማቱን፣ ከነሰዓቱ፣ ቆራጩ ማን እንደሆነ፣ እኔ እንዳልሆንኩ። የመምህርት ኦዲሊያን ስሌትም ሰባት ሳምንት ከቆየበት አውጥቼ ከሥሩ አስቀመጥኩት። ጠዋት ላይ መልሳቸው ነበር፤ ሰባት እሑድ የጠፉት ከጻፉ ፊታቸው እንዳይናገር ፈርተው እንደሆነ፣ በሚቀጥለው እሑድ ስለ ሞተሩ ፍጥነት የሚጠይቁት እንዳላቸው። እሳቸውን ሌላ አልጠየቅኩም። በጃንዋሪ ግን እናቴን ጠይቄ፣ ከዚያ ለብቻ አጎቴን ጠይቄ አረጋገጥኩ፤ የዚያን ዓመት የታች ሰፈር ርችት አዛዥ ሬምቤርቶ የሚባል ሰው ነበር፣ የመምህርት ኦዲሊያ ታናሽ ወንድም ነው፣ በዋዜማው ጠዋት ላስ ፓልማስ ደውሎ ከእህቱ ጋር አርባ ደቂቃ አውርቷል፤ ማታ ግን ስምንቱንም ሰከንድ ሰማዩ ባዶ ነበር።